በአነስተኛ አውሮፕላኖች የተገጠሙ ዲጂታል ስክሪኖች የምሥራቅ አፍሪካን በረራ ይበልጥ አስተማማኝ ያደርጉታል?

ነሐሴ 1/2017 ዓ.ም. በናይሮቢ ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኘው ካሳራኒ ለእግር ኳስ ተሰናድታ ነበር። ምሽቱን በስታዲየሟ ኬንያ ከአንጎላ ጋር የቻን ጨዋታዋን ታደርጋለች። ከቀትር በኋላ ግን ከካሳራኒ ብዙም በማይርቀው ምዊሆኮ በተባለ የመኖሪያ አካባቢ አንዲት የሕክምና አውሮፕላን ተከሰከሰች። ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ተነስታ ወደ ሐርጌሳ ታመራ የነበረችው ይህች አነስተኛ ጄት የያዘቻቸው 4 ሰዎች እንዲሁም ምድር ላይ የነበሩ 2 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ።

የዚህ አደጋ መንስኤ የመርማሪዎች ጉዳይ ነው። ለከተማዋ ነዋሪዎች ግን አንድ እውነት በግልጽ አሳይቷል። በአነስተኛ አውሮፕላን ውስጥ የሚሆነው ነገር ተሳፋሪውን ብቻ ሳይሆን ከሥር የሚኖረውንም ይመለከታል። ከዊልሰን የሚነሱ አነስተኛ አውሮፕላኖች ሐኪሞችን፣ ቱሪስቶችን፣ የእርዳታ ሠራተኞችንና የበረራ ተማሪዎችን ይዘው በየዕለቱ በናይሮቢ ሰማይ ላይ ይመላለሳሉ።

በእነዚህ አውሮፕላኖች ውስጥ ደግሞ ባለፉት 20 ዓመታት ትልቅ ለውጥ ታይቷል።

ከክብ ሰዓቶች ወደ ስክሪን

በቀድሞው አሠራር አብራሪው ፍጥነትን፣ ከፍታንና አቅጣጫን የሚያነበው በተለያዩ ክብ መለኪያዎች ላይ ሲሆን፣ መንገዱን የሚከታተለው ደግሞ ጭኑ ላይ በዘረጋው የወረቀት ካርታ ነበር። እንደ ጋርሚን ጂ1000 ያሉ ሥርዓቶች እአአ ከ2004 ጀምሮ በአነስተኛ አውሮፕላኖች ላይ መገጠም ሲጀምሩ ይህ ሁሉ መረጃ በሁለት ስክሪኖች ላይ ተሰበሰበ። አንደኛው የአውሮፕላኑን ሁኔታ ያሳያል። ሌላኛው ካርታውን፣ የመሬቱን አቀማመጥና የሞተሩን ይዞታ ያሳያል።

ቀጣዩ እርምጃ የበረራ ዕቅዱን ከስክሪኑ ጋር ማገናኘት ነው። ዛሬ አንድ አብራሪ ቤቱ ተቀምጦ በታብሌት ያዘጋጀውን መስመር አውሮፕላኑ ውስጥ ሲገባ ያለ ሽቦ ወደ ስክሪኑ ማስተላለፍ ይችላል። የመተላለፊያ ነጥቦችን አንድ በአንድ በእጅ ማስገባት ስለማያስፈልግ ጊዜ ይቆጥባል፤ የአጻጻፍ ስህተትንም ይቀንሳል።

ችግሩ የሚመጣው ዕቅዱ ራሱ የተሳሳተ ሲሆን ነው። የተሳሳተ ነጥብም እንደ ትክክለኛው ሁሉ በንጽሕና ይተላለፋል። ስክሪኑ በሁለት ነጥቦች መካከል ቀጥ ያለ መስመር ሲስል፣ መስመሩ መሬትን ሳይነካ በምን ያህል ከፍታ ሊበረር እንደሚገባ የመወሰኑ ኃላፊነት የአብራሪው ሆኖ ይቀራል።

ያልተጠበቀው የጥናት ውጤት

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እአአ በ2010 ይፋ ያደረገው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ቦርዱ እአአ ከ2002 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት የተመረቱ ከ8,000 በላይ ባለ አንድ ሞተር አነስተኛ አውሮፕላኖችን መረመረ። ዲጂታል ስክሪን የተገጠመላቸው በአጠቃላይ ደኅንነት ከቀድሞዎቹ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ይባስ ብሎ ሰው የሚሞትባቸው አደጋዎች ምጣኔ በእነሱ ላይ ከፍ ያለ ነበር።

ጥናቱ መሣሪያው መጥፎ ነው አላለም። እነዚህ አውሮፕላኖች ረጅም ርቀት ለሚሸፍኑና አየሩ ደመናማ በሚሆንበት ጊዜም ለሚደረጉ ጉዞዎች በብዛት ይውሉ ነበር። ቦርዱ ያሳሰበው አብራሪዎች የሚያበሩትን ሥርዓት ለይተው የሚያውቁበት ሥልጠና እንዲሰጣቸው፣ በተለይም መሣሪያው ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ እንዲለማመዱ ነው።

የአበርዴር ተራሮች ትምህርት

ይህ ምክር በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ ቦታዎች የበለጠ ክብደት አለው። ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,690 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በምዕራብ የንጎንግ ኮረብቶች፣ በሰሜን ደግሞ እስከ 4,000 ሜትር የሚደርሱት የአበርዴር ተራሮች አሉ። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም ከፍታ የሚጨምረው በዝግታ ነው። ተራራውን ስክሪኑ ላይ ማየት ብቻውን ተራራውን ለመሻገር አያስችልም።

ግንቦት 28/2010 ዓ.ም. ከኪታሌ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረ ሴስና ካራቫን በአበርዴር ተራሮች ላይ ተከስክሶ የነበሩበት 10 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። ስብርባሪው የተገኘው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። የምርመራው ሪፖርት ዋነኛ ምክንያት ያደረገው በቂ ያልሆነ የበረራ ዕቅድንና አስተማማኝ ከፍታን ጠብቆ መብረር አለመቻልን ነው። ሁለቱም አብራሪው ከመነሳቱ በፊት በሚያሰላውና በበረራ ላይ በሚጠብቀው ቁጥር የሚወሰኑ ናቸው።

ስክሪኑ የማያሳየው

ሁለተኛው አስተማሪ አደጋ የካቲት 26/2016 ዓ.ም. ደረሰ። 44 ሰዎችን ይዞ ከዊልሰን ወደ ዲያኒ የተነሳ ዳሽ 8 እና የሥልጠና ሴስና 172 አየር ላይ ተጋጩ። ትልቁ አውሮፕላን ተመልሶ በሰላም አረፈ። ሴስናው በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወድቆ አሠልጣኙና ተማሪው ሞቱ።

አሁን በአቅራቢያ ያሉ አውሮፕላኖችን በስክሪን ላይ የሚያሳዩ መሣሪያዎች አሉ። ይሁን እንጂ የሚያሳዩት ምልክት የሚያሰራጩትን ብቻ ነው። ማሠራጫው የሌለው ወይም ያጠፋው አውሮፕላን በስክሪኑ ላይ ፈጽሞ አይታይም። ስለዚህ አዲስና አሮጌ አውሮፕላኖች በአንድ ሰማይ በሚጋሩበት ቦታ ባዶ ስክሪን ማለት ባዶ ሰማይ ማለት አይደለም። የአብራሪው ዓይን ከመስኮቱ ውጭ፣ ጆሮውም ከሬዲዮው ጋር መሆን አለበት።

የመረጃው ምንጭም ሌላ ድክመት ነው። የበረራ መረጃ ቋቶች በየ28 ቀኑ ይታደሳሉ። ይህን የማያደርግ ባለንብረት ያረጀ ካርታ በሚያምር ስክሪን ላይ ያያል። የሳተላይት ምልክት በግጭት ቀጠናዎች ሲታወክ ደግሞ ካርታው አውሮፕላኑን በሌላ ቦታ ሊያሳይ ይችላል። የተሳሳተ መረጃ የሚያስከትለውን ጉዳት አካባቢው በትልቅ አውሮፕላንም አይቶታል። መጋቢት 1/2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 157 ሰዎችን ይዞ ሲከሰከስ፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የገፋው ሥርዓት የተመራው ከአንድ መለኪያ በመጣ ስህተት ነበር።

መፍትሔው ወደ ወረቀት መመለስ አይደለም

ዲጂታል ስክሪን በአግባቡ ለሚጠቀምበት አብራሪ ትልቅ ረዳት ነው። በደመና ውስጥ የት እንዳለ ያሳየዋል፤ ወደ ተራራ ሲቃረብ ያስጠነቅቀዋል። ዛሬ የሚሠለጥኑ በርካታ ወጣት አብራሪዎችም ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የሚያውቁት ስክሪንን ነው። የትልልቅ አየር መንገዶች አውሮፕላኖችም በስክሪን የተሞሉ በመሆናቸው ይህ ተገቢ ጅማሬ ነው።

የሚጎድለው ብዙ ጊዜ በስክሪኑና በዕቅዱ መካከል ያለው ድልድይ ነው። ዕቅዱ ወደ ስክሪኑ ከመግባቱ በፊት ለእያንዳንዱ የመንገድ ክፍል ዝቅተኛው አስተማማኝ ከፍታ መሰላት አለበት። ከገባ በኋላም አቅጣጫውና ርቀቱ ከመጀመሪያው ስሌት ጋር መመሳከር ይኖርበታል። አየሩ ሲበላሽ ወዴት እንደሚመለሱ፣ ስክሪኑ ቢጠፋ በየትኛው መለኪያ እንደሚበሩም ምድር ላይ ሳሉ መወሰን ያሻል።

ይህን ማድረግ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው፤ የሚጠይቀው ከበረራ በፊት ጥቂት ደቂቃዎችንና ጥብቅ ሥልጠናን ነው። ካሳራኒን በመሰሉ ሰፈሮች ሕዝብ እየበዛ፣ በላያቸውም በረራው እየጨመረ ሲሄድ፣ እነዚያ ደቂቃዎች ስለ በረራ ዕቅድ ሰምተው የማያውቁ ነዋሪዎችንም ሕይወት ይጠብቃሉ።