የቢግል «ጥፋት» የማን ነው?

ቢግል የተባለው የውሻ ዝርያ በእንግሊዝና በአሜሪካ ወደ ብዙ ቤቶች የገባው በመልኩ ነው። ረጃጅምና ለስላሳ ጆሮዎቹ፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ የተቀላቀለበት አጭር ጠጉሩ፣ ጫፉ የነጣ ጅራቱና የሚማጸኑ የሚመስሉ ዓይኖቹ ያየውን ሁሉ ይማርካሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ባለቤቶች ውለው ሳያድሩ ስሞታ ማሰማት ይጀምራሉ፤ ሲጠሩት አይሰማም፣ ከአጥር ሥር ቆፍሮ ይጠፋል፣ ብቻውን ሲቀር ያላዝናል፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል ይላሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን እነዚህ «ጥፋቶች» የሰው ምርጫ ውጤቶች ናቸው፤ አያያዙም ከዚሁ ግንዛቤ መነሣት ይኖርበታል።

ዛሬ የምናውቀው ቢግል በእንግሊዝ አገር ለጥንቸል አደን ተብሎ በምርጫ የተገኘ ዝርያ ነው። በ1830ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፊሊፕ ሃኒዉድ የተባሉ ቄስ በኤሴክስ ግዛት ያቋቋሙት የአዳኝ ውሾች መንጋ የዘመናዊው ዝርያ መሠረት እንደሆነ ይነገራል። ቁመቱ ከ33 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም በአብዛኛው ከ9 እስከ 14 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ በደኅና ከተያዘም ከ12 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። አዳኞቹ በእግራቸው ይከተሉት ስለነበር ከብርቱ ሩጫ ይልቅ የፈለጉት ዱካ የማይለቅ አፍንጫ፣ የደረሰበትን ከሩቅ የሚያሳውቅ ድምፅና ከሌሎች ውሾች ጋር ተስማምቶ የሚኖር ጠባይ ነበር። ይህንኑ የያዙትን እየመረጡ በማዳቀል ጠባዩን በዘሩ ውስጥ አጸኑት።

ስለ አፍንጫው ጥቂት እንበል። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1965 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ኤከር በሚያህል ሜዳ የተለቀቀችን አይጥ ቢግሎች በአንድ ደቂቃ ያህል ሲያገኟት፣ ፎክስ ቴሪየር የተባሉት ውሾች 15 ደቂቃ ያህል ፈጅቶባቸዋል። የአሜሪካ መንግሥትም ከ1984 ጀምሮ፣ በመጀመሪያ በሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በሻንጣ የተሸሸገ ሥጋና ፍራፍሬ በቢግሎች ያስፈትሻል። ከአገራችን ቋንጣ ቋጥሮ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ይህን አፍንጫ ማታለል ይከብደዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ውሻ ሽታ ሲይዝ ጥሪ ባይሰማ ሊያስደንቀን አይገባም። ስለሆነም ባልታጠረ ቦታ ያለ ማሰሪያ መለቀቅ የለበትም፤ አጥሩም ከሥሩ የጠበቀ ይሁን። በሽርሽር ጊዜ ቆም እያለ እንዲያሸት መፍቀድ አእምሮውን ያረካዋል። የመንጋ እንስሳ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ብቻውን መተው ይጎዳዋል፤ ማላዘኑም የብቸኝነት ምልክት ነው። ምግብ ወዳድ በመሆኑ በቀላሉ ስለሚወፍር ምግቡ ተመጥኖ ሊሰጠው ይገባል። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብና ሽንኩርት መርዝ ስለሚሆኑበት ከአካባቢው ይራቁ። የተንጠለጠለው ጆሮው እርጥበት ስለሚይዝ ለብግነት የተጋለጠ ነው፤ በየሳምንቱ መታየት አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የትላትል መድኃኒትም በሐኪም ትእዛዝ በጊዜው ሊሰጠው ይገባል።

ከጠባዮቹ ሁሉ ማንም ስሞታ ያላቀረበበት የዋህነቱ ነው፤ ከሁሉም በላይ ያስከፈለው ግን ይኸው ነው። መጠኑ አነስተኛ፣ በኅብረት መኖር የሚችልና ለመንከስ የማይቸኩል በመሆኑ ለቤተ ሙከራ የሚመረጥ ውሻ ሆኗል። በ1950ዎቹ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የፕሉቶኒየም ጉዳት የተጠናው በቢግሎች ላይ ነበር። በ2022 በቨርጂኒያ ግዛት ለምርምር ቢግል ከሚያራባ ድርጅት 4,000 ያህል ውሾች እንዲወጡና ለቤተሰቦች እንዲሰጡ ተደርጓል፤ ኤንቪጎ የተባለው ይህ ድርጅት በ2024 ጥፋቱን አምኖ ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል።

ከእንዲህ ያለው ምርምር ጠቃሚ ዕውቀት መገኘቱ አይካድም። ይሁንና እንስሳው አለመቃወሙ ፈቃድ እንደመስጠት ሊቆጠር አይችልም። ሌላ ዘዴ ባለበት ውሻን መጠቀም አይገባም፤ ጥናቱ ሲያበቃም ጤነኞቹ በሕይወት ወደ ቤተሰብ ሊሰጡ ይገባል። በቋንቋችን ጠያቂ የሌለው ደም «ደመ ከልብ»፣ ማለትም የውሻ ደም ይባላል። የዚህን ውሻ ጠባይ የቀረጸው ሰው በመሆኑ ግን የቢግል ደም ጠያቂ ባይኖረውም ተጠያቂ አለው።

ይኸው ኃላፊነት በቤት ውስጥም ይሠራል። በየዕለቱ አንድ ሰዓት ያህል አብሮት ለመንሸራሸር ጊዜ የሌለው ሰው መልኩን ከማድነቅ አልፎ ቢግል ባይወስድ ለራሱም ለውሻውም የተሻለ ነው።