አካለ መጠን ያደረሰ ተማሪና «ወላጅ አምጣ»

ሰላም በሆነ ሳምንት፤ ዓርብ ከትምህርት በኋላ፤ ከደብረ ታቦር በሚወጡት መንገዶች ላይ ባዶ ከረጢት ያነገቡ ተማሪዎች ወደየቀያቸው ሲጓዙ ይታያሉ። እሑድ ሲመለሱ ከረጢቱ እንጀራና ሽሮ፤ በሶና ቆሎ፤ ወራቱም ሲሆን ድንች ሞልቶበት ነው። በከተማው ውስጥ ሁለትና ሦስት ሆነው በተከራዩት ጠባብ ክፍል ሳምንቱን የሚገፉት በዚሁ ስንቅ ነው። አንባቢ ሆይ፤ ከእነዚህ ስንቅ ተሸካሚዎች መካከል ስንቱ በሕግ ፊት «ልጅ» እንደ ሆነ ጠይቀህ ታውቃለህን?

ብዙዎቹ አይደሉም። በሰባት ዓመቱ ትምህርት የጀመረ ልጅ አንድ ዓመት እንኳ ሳይወድቅና ሳያቋርጥ ቢማር 12ኛ ክፍል ሲገባ 18 ዓመት ይሆነዋል። በጉና አካባቢ ያለው የገበሬ ልጅ ደግሞ በሰባት ዓመቱ የሚይዘው እርሳስ ሳይሆን የእረኛ በትር የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ተቋረጠ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላይ ጋይንትን አልፎ እስከ ጉና ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተው ጊዜ ባከነ። ስለዚህ በ10ኛ ክፍል ወንበር ላይ የ20 ዓመት ጎረምሳ ቢገኝ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። የሚያስደንቀው ይህ ጎረምሳ ከክፍል ሲቀር የሚሰጠው ትእዛዝ ነው፤ «ወላጅ አምጣ!»

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁት በቅርቡ ስለ ሆነ ነገሩን አልረሳሁትም። 11ኛ ክፍል ሳለሁ ዕድሜዬ 19 ነበር። ለገብስ አጨዳ ወደ ቤቴ ሄጄ ሦስት ቀን በመቅረቴ አባቴን እንዳመጣ ታዘዝሁ። አባቴ ግን ማጭዱን ጥሎ የአምስት ሰዓት መንገድ በእግሩ ሊመጣ አይችልም፤ እኔስ የቀረሁት እሱን ልረዳ አልነበረምን? ስለዚህ ጓደኞቼ የሚያደርጉትን አደረግሁ፤ ለአንድ ጫማ ሰፊ የሻይና የዳቦ ከፍዬ አጎቴ አደረግሁት። ሰውዬው በመምህሬ ፊት ከወለደኝ አባት ይልቅ አምርሮ ገሠጸኝ፤ ፈረመም። ከወጣን በኋላ ይህን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርቶ እንደ ሆነ ብጠይቀው «ዘንድሮ አንተ አምስተኛው ልጄ ነህ» ብሎ ሳቀ። መዝገቡ አምስት የሐሰት ፊርማ ተቀበለ ማለት ነው፤ እውነተኞቹ አባቶች ግን አንዳች አልሰሙም።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አካለ መጠን ማድረሻውን 18 ዓመት አድርጎት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ አጽንተዋል። ከዚያ ዕድሜ በኋላ ሰው ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ ሞግዚት የለውም። የሚከራየውን ክፍል ውል የሚፈርመው ራሱ ነው፤ ይመርጣል፤ ቢያጠፋም በዳኛ ፊት የሚቆመው ራሱ ነው። ታዲያ ለሦስት ቀን መቅረት ሲሆን ስለ እሱ ሌላ ሰው የሚፈርምበት ምክንያት ምንድን ነው?

ይሁን እንጂ አንዳንድ አባት ይህን ሲሰማ «እንግዲያስ ራሱን ይቻል» ማለቱ አይቀርም። ይህም ስሕተት ነው። የሞግዚት ሥልጣን በ18 ዓመት ያበቃል፤ በወላጅና በልጅ መካከል ያለው የቀለብ ግዴታ ግን በዚያ ዕድሜ አይቆረጥም። ሕጉ የሚመለከተው ጠያቂው ችግረኛ መሆኑንና ሠርቶ ሊኖር አለመቻሉን፤ እንዲሁም የሰጪውን አቅም ነው። የ1992ቱ ሕግማ ከምግብ፤ ከመኖሪያ፤ ከልብስና ከጤና ጋር ትምህርትንም ጨምሮ ጽፏል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ያላገባና ራሱን ያልቻለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ 18 ዓመት ቢሞላውም፤ ትምህርቱን እስኪጨርስ ወይም 19 ዓመት እስኪሞላው ወላጆቹ ይቀልቡታል። ለእኛ ተማሪ 19 ዓመትም አይበቃውም። በሌላም በኩል አባቱን ከሶ ቀለብ ያስቆረጠ የፋርጣ ተማሪ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ወደፊትም የማይ አይመስለኝም።

ነገሩ የሚከፋው በሴቶች ልጆች ላይ ነው። የ1952ቱ ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ዛሬ 18 ሆኗል። መልካም ነው። ነገር ግን ያ ዕድሜ የሚደርሰው ልጅቱ ገና በክፍል ውስጥ ሳለች ስለ ሆነ፤ ለመዳር የቸኮለ ቤተሰብ ቀኑን ቆጥሮ ይጠብቅና «ከእንግዲህ ሕግም አይከለክለን» ይላል። የሕጉን ግማሽ ብቻ አንብቧል። ሌላው ግማሽ ጋብቻ በራሷ ፈቃድ ካልሆነ አይጸናም ይላል። እሷም «እምቢ፤ ልማር» ትላለች። በዚያን ጊዜ የሚመታትም የሚጠልፋትም ላይኖር ይችላል፤ ስንቁ ብቻ ይቀራል። ዓርብ ባዶውን የሄደው ከረጢት እሑድም ባዶውን ይመለሳል። የወሩ የቤት ኪራይ ሲደርስ «አካለ መጠን አድርሻለሁ» ብትል አከራይዋ ምን ትላታለች?

አባትየውንም ብቻ መውቀስ አይገባም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምቷል። ከትንሽ ማሳው ለማዳበሪያ ከፍሎ የተረፈውን አራት ዓመት በከረጢት ሲልክ «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው። መልስ ሊሰጠው የሚገባው ደግሞ በጫማ ሰፊ የተተካበት ተማሪ ቤት ነው።

እንግዲህ ተማሪ ቤቶች 18 ዓመት የሞላውን ተማሪ በራሱ ፊርማ ይቀበሉት፤ ለጥፋቱም ራሱ ይጠየቅ። ወላጅ የሚጠራው ስለ ስንቁ ይሁን። በዓመቱ መጀመሪያ በሽማግሌ ፊት ቀርቦ፤ እስከ 12ኛ ክፍል ፍጻሜ በአቅሙ ስንቁንና ኪራዩን ሊሸፍን ቃሉን ይስጥ፤ ልጅቱ ጋብቻን እምቢ ብትል ቃሉ እንደማይፈርስም አብሮ ይጻፍ። ገበሬው ለዚህ ሲል ሥራ ፈቶ እንዲመጣ አያስፈልግም፤ በገበያ ቀን ገብስና ድንቹን ይዞ ከተማ ይገባልና አንድ መምህር መዝገብ ይዞ በገበያው ዳር ቢቀመጥ ያገኘዋል።