ኔትወርክ ለማስተማር ኢንተርኔት አይጠበቅም

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፤ ዛሬ የሙያ ወሬ ነው፣ የሚሰለቻችሁ እለፉት።

እኛ ጋ «ኔትወርክ የለም» ሲባል ስልኩ እምቢ አለ ማለት ነው። ይሄ አነጋገር ክፍል ውስጥም ገብቷል። «ኢንተርኔት ስለሌለ ኔትወርኩን በንድፈ ሐሳብ እንለፈው» የሚል የአይሲቲ መምህር ሞልቷል። ላሊበላ ላይ ሰበብ አይጠፋም፤ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ሲገባ መብራትም ስልክም ጠፋ፣ በ2015 ክረምት ደግሞ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ችግሩ እውነት ነው፣ ግን ልጁ የአይፒ አድራሻን ትርጉም ሸምድዶ፣ ሁለት ኮምፒውተር ሳያገናኝ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ምን የሚሉት ነው?

አራት ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃል። ቨርቹዋልቦክስ በነፃ ይገኛል። ውስጡ ዴስክቶፕ የሌለው ዴቢያን አንዴ ጫኑና አባዙት። ስታባዙ አዲስ ማክ አድራሻ እንዲሰጥ ምረጡ፣ አለዚያ ማሽኖቹ ይጋጫሉ።

ዋናው ነገር የኔትወርኩ ምርጫ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ከመነሻው «ናት» ላይ ያደርገዋል፤ ማሽኖቹ ወደ ውጭ መውጣት ይችላሉ እንጂ እርስ በርስ አይተያዩም። ይባስ ብሎ ሁሉም 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ይዘው ቁጭ! ተማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። «ብሪጅድ» ካላችሁ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ መስመር ጋር በቀጥታ ይቀላቀላሉ፤ አንድ ልጅ ለልምምድ የከፈተው ዲኤችሲፒ ሰርቨር ለሬከርድ ቢሮ ኮምፒውተር አድራሻ ሊያድል ይችላል።

ስለዚህ «ኢንተርናል ኔትወርክ» በሉት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የኔትወርክ ስም ስጡ። በቃ፣ እርስ በርስ ብቻ ይተያያሉ፤ የተጫኑበት ኮምፒውተር እንኳ አያገኛቸውም። አድራሻ የሚያድል ስለሌለ ልጆቹ ራሳቸው ይጽፋሉ፦ 192.168.10.1፣ 192.168.10.2። እኔ የምወደው ይሄን ነው። ማስኩ 255.255.255.0 እያለ አንዱ 192.168.20.2 ብሎ ይጽፍና ፒንጉ እምቢ ይለዋል። ሰብኔት የሚገባው ያኔ ነው።

ራውተርን በሰፈራቸው ነው የማስረዳቸው። እነ ቤተ አማኑኤልና ቤተ መርቆሬዎስ ያሉበት ምድብ በቦይና በዋሻ እርስ በርሱ ተያይዟል፣ ቤተ ጊዮርጊስ ግን ለብቻው ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር መንገድ ይፈለጋል። ሁለት የኔትወርክ ካርድ የሰጠነው ሦስተኛ ማሽን ያ መንገድ ይሆናል።

«ከዓለም የተቆረጠ ኔትወርክ ምን ይሠራል?» ያለኝ ባልደረባ አለ። እነዚህ የግል አድራሻዎች እኮ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ደንብ የተለዩት ለውስጥ ኔትወርክ ነው፤ የድርጅቶች ዳታቤዝም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው እንዲህ ባለ ዝግ መስመር ውስጥ ነው። ደግሞ ልጆቹ ያሻቸውን ቢያበላሹ ማንንም አይነኩም።

መብራት ሲጠፋ ይሄም ይጠፋል፣ አልዋሽም። ላፕቶፕ ያለው ግን ጥቂት ይገፋል።

ፕሮግራሙና የተዘጋጀው ማሽን እኔ ጋ አለ። በላስታ ወረዳ ያላችሁ መምህራን ወደ ከተማ ስትወጡ ስምንት ጊጋ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ እገለብጥላችኋለሁ። ቫይረሱን ግን አጽድታችሁ።