ቅንዓታችን ከእውቀት ጋር ይሁን

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሲከነክነን የቆየ ነው። ልጻፈው ወይስ ይቅር ብለን አመንትተንም ነበር፤ ጥፋቱ የሌላ ሰው ብቻ ሳይሆን የኛም ነውና።

ባለፈው ዓመት በጾም ጸሎታችን ሳምንት ከመካከላችን አንድ ወጣት ወንድም ለጸሎት ወደ ፊት ወጣ። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት መድኃኒት ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ ነበር። ጸለይንለት፤ እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ከዚያ ግን ያገለግል የነበረው ወንድማችን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተፈውሰሃል፣ ከእንግዲህ ክኒን መዋጥ አለማመን ነው» አለው። እኛስ ምን አደረግን? አጨበጨብን፣ እልል አልን። ልጁም በዚያው ማታ ቤቱ ሄዶ የቀረውን ክኒን ሽንት ቤት ጨመረው።

ለጥቂት ሳምንታት ደህና ሆነ፤ ቆሞም መሰከረ። የነገሩ ክፋት እኮ እዚህ ላይ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በተለመደው አሰጣጥ ስድስት ወር ይወሰዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙው ተህዋስ ስለሚሞት ሳሉ ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፣ ሰውም ዳንኩ ይላል። የተረፈው ተህዋስ ግን ሳንባ ውስጥ አድፍጦ ይቆያል፤ መድኃኒቱ መሃል ላይ ሲቋረጥ እንደገና ይራባል፣ አንዳንዴም ያንን መድኃኒት ይለምደውና ቀድሞ የሚገድለው ክኒን አይበግረውም። ወንድማችን በሁለተኛው ወር ደም አስሎ ወደቀ። ከሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የሚተኛው ታናሽ ወንድሙም፣ የኛው የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ ማሳል ጀመረ። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመን ስናስተምር የልጁ ሳል ከኋላ ወንበር ሲሰማ ያቺ እልልታችን ጆሯችን ላይ ትጮህ ነበር። እጁን ይዘን ወደ ክሊኒክ የወሰድነው እኛው ነን።

በቋንቋችን «ቅንዓት» ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። በጎረቤቱ ዕድል ዓይኑ የሚቀላውንም «ቀና» እንላለን፣ ስለ እግዚአብሔር ቤት ልቡ የሚቃጠለውንም «ቀና» እንላለን። ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 10 ስለ ገዛ ወገኖቹ ሲመሰክር ለእግዚአብሔር መቅናታቸውን አይክድም፤ ጉድለታቸው ቅንዓታቸው ከእውቀት መለየቱ እንደሆነ ነው የሚናገረው። ይህንንም የሚለው ዳር ቆሞ እየፈረደ አይደለም። ፊልጵስዩስ 3 ላይ ስለ ራሱ ሲጽፍ በቅንዓት ቤተ ክርስቲያንን ያሳድድ እንደነበር ይናገራል። እስጢፋኖስ ሲወገር የወጋሪዎቹ ልብስ የተቀመጠው በሱ እግር ሥር ነበር። እሱም የዚያን ቀን ለእግዚአብሔር የሠራ መስሎት ነበር።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በማኅበራችን እንጀራ እየጋገሩ የሚያድሩ አንዲት እናት አሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ሲነበብ ያዳመጡትን አይረሱም። ልጁ ከወደቀ በኋላ ያንን አገልጋይ ቤታቸው ጠሩት። በጉባኤ አልተነሡበትም፣ ከሰውም አላሙትም። ቡና አፍልተው፣ አንደኛውን ከጠጣ በኋላ፦

«ልጄ፣ ኢሳይያስ ንጉሡን ትድናለህ ብሎት የለም እንዴ?» አሉት።

«አዎ እማማ፣ ብሎታል።»

«ታዲያ በለሱን ለምን አስመጣው?»

መልስ አልነበረውም። ቤቱ ሄዶ አነበበ፤ በኋላ ይህንን ራሱ ነው የነገረን። እኛም ገለጥን። መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 20 ላይ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሳለ ጸለየ፣ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም ሰማውና በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ይህን ተስፋ ያመጣው ያው ነቢይ ግን ወዲያው የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ ቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። የእግዚአብሔር ቃልና መድኃኒቱ በአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ ቀን ወጡ። ስንት ጊዜ ሰብከነዋል መሰላችሁ! አሥራ አምስቱን ዓመት ሁልጊዜ እናነሣለን፣ በለሱን እንዘለዋለን።

አንዱን ስናገኝ ሌላውም ተከተለ። ጳውሎስ የጢሞቴዎስን የሆድ ሕመም አስቦ ምን እንዲወስድ መክሮታል። ጥሮፊሞስን ታሞ ሳለ ሚሊጢን ትቶት ሄዷል፤ እምነት አጣህ ብሎ ሲወቅሰው አናነብም። የጉዞ ጓደኛው ሉቃስም ሐኪም ነበር።

«ታዲያ እግዚአብሔር ዛሬ አይፈውስም ልትሉን ነው?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። አላልንም፣ አንልምም። ይፈውሳል። ነገር ግን ጌታ ራሱ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ምን አለው? ሄዶ ለካህን እንዲታይ ነው ያዘዘው። በዚያን ዘመን ለምጽ መንጻቱን አይቶ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበርና። ዛሬም የተፈወሰ ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ አክታውን ቢያስመረምር የእግዚአብሔር ክብር አይጎድልም። ምርመራ የሚያስፈራው ፈውስ ካለ፣ እሱን ቀድመን ብንጠረጥረው ይሻላል።

እማማ ያደረጉት ነገር ጵርስቅላንና አቂላን ነው ያስታወሰን። የሐዋርያት ሥራ 18 እንደሚነግረን እነዚህ ባልና ሚስት ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድን ከሮም እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ የተፈናቀሉ ሰዎች ናቸው። እንደኛው ማለት ነው። ቆሮንቶስ ላይ ድንኳን እየሰፉ ኖሩ፣ ጳውሎስንም ቤታቸው ተቀበሉት፣ ከዚያም ኤፌሶን ወረዱ። እዚያ አጵሎስ የሚባል የእስክንድርያ ሰው መጣ፤ ንግግር አዋቂ፣ መጻሕፍትን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ መንፈሱ የሚቃጠል። ስለ ኢየሱስም አጥርቶ ያስተምር ነበር፣ ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ጵርስቅላና አቂላ ሰሙት። በሕዝብ ፊት አላረሙትም፤ ለብቻው ወስደው የጎደለውን ገለጡለት። ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው ሰባኪ ከድንኳን ሰፊዎች ተማረ! ወደ አካይያ ሲሻገርም እሳቱ አልበረደም፤ እዚያ ለነበሩት አማኞች እጅግ ጠቀማቸው እንጂ። ሲታረም የሚጠፋ እሳት መጀመሪያም ከየት እንደመጣ እንጃ።

በቤርያ የነበሩትን ደግሞ አስቡ። ጳውሎስን ያህል ሐዋርያ ሲናገራቸው እንኳ ነገሩ እንደዚያ እንደሆነ በየቀኑ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። ሉቃስ ተጠራጣሪዎች አላላቸውም፤ አመሰገናቸው።

እንዲህ ያለው ትዕግሥት ከባህላችን የራቀ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ በእጃችን ለያዝነው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መንገድ የጠረገው አቡ ሩሚ የተባለ የጎጃም ሰው ነው። ከአገሩ ወጥቶ፣ ካይሮ ተቀምጦ፣ ከአንድ ፈረንሳዊ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን በር ዘግተው የአረብኛውን መጽሐፍ ቁጥር በቁጥር እያነበቡ ወደ አማርኛ ሲመልስ አሥር ዓመት ያህል ፈጀበት። መታተሙን ሳያይ ሞተ። አራቱ ወንጌሎች እ.ኤ.አ. በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 ታተመ። ስለ አቡ ሩሚ ቅንዓት ሲነገር ብዙም አንሰማም፤ ምክንያቱም ድምፅ አልነበረውም። እኛ ቅንዓትን በጉሮሮ መለካት ስለለመድን ነው።

በእርግጥ ሌላም በሽታ አለ። ምዕራፍና ቁጥር እየጠራ ለታመመ ሰው አንድ ጄሪካን ውኃ የማይቀዳ ሰው እዚህ ካኩማም አይጠፋም። ይህ በተለይ እኛን መምህራንን ያጠቃል፤ ለዛሬ እንለፈው።

ከዚያ ሰሞን ወዲህ ማክሰኞ ማታ ማንበብ ጀምረናል። ለስድስት ሰው አንድ መጽሐፍ ነው ያለን፣ ስልክ ያለው በስልኩ ይከተላል። ሥርዓቱ ከማስተማሪያ ክፍል የተወሰደ ነው፦ ማን ተናገረ? ለማን? ከፊቱ ምን አለ? ከኋላውስ? የሚያነብ ሰው ጥቅስ መሃል ላይ ማቋረጥ አይፈቀድለትም። መጀመሪያ ላይ ወጣቶቹ «ቀዘቀዘ» ብለው ሸሽተውን ነበር። አሁን ግማሾቹ ተመልሰዋል፤ ግማሾቹ ገና ናቸው።

ታናሽየው ሕክምናውን እየተከታተለ ነው። ትልቁ መድኃኒቱ ተቀይሮለት እንደገና ከአንድ ብሎ ጀምሯል፤ ክኒኑ ያቅለሸልሸዋል፣ አንዳንድ ቀን መሄድ አልፈልግም ይላል። ያ «ተፈውሰሃል» ያለው ወንድማችን ነው በየማለዳው ከብሎካቸው የሚወስደው። ፀሐይ ሳትከር በላጋው ዳር ቀስ እያሉ ሁለቱ ሲሄዱ እናያቸዋለን፤ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ የሚይዘው አገልጋዩ ነው። እስኪውጥ ድረስ አጠገቡ ቁጭ ይላል፣ ከዚያ ይጸልይለታል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት የሐዋርያት ሥራ 19ን እንጀምራለን፤ የአስቄዋን ልጆች ታሪክ ሳትዘሉ አንብባችሁ ኑ። ደብተር ያላችሁ ደብተር ያዙ።