ፎርማት ከመደረጉ በፊት



ማታ በደህና የተዘጋ ኮምፒዩተር ጠዋት ሲከፈት የለመድነው የመግቢያ ገጽ ሳይመጣ ይቀራል። በምትኩ በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይደረደርና «ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ነዎት» ይላል፤ የአደጋ ጊዜ አሠራር ማለቱ ነው። ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ መስኮት የሚባል የለም፣ ከታች አንዲት ጭረት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከቤተሰቡ አንዱ ማብሪያውን ተጭኖ ያጠፋዋል፣ መልሶ ያበራዋል፤ ያው ጽሑፍ ይመጣል። በመጨረሻ ማሽኑ በፌስታል ተይዞ ጥገና ቤት ይሄዳል። እዚያ የሚሰጠው መልስም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ሲስተሙ ወድቋል፤ ፎርማት ይደረግ።»

ፎርማት ከተደረገ ማሽኑ መነሣቱ አይቀርም። የማይመለሰው በውስጡ የነበረው ነው፤ የሟች አባት ፎቶግራፍ፣ ልጆች ቁርኣን ሲቀሩ የተቀዳ ድምፅ፣ የሱቁ የዱቤ መዝገብ፣ ለማስረከብ ሳምንት የቀረው የመመረቂያ ጽሑፍ። በዚህ ወር ርእሱን ያነሣነውም ይህ ጽሑፍ በወጣበት ማሽን ላይ ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ እንዳሉ ሆነው ሳለ፣ የሚያጠፋቸው ብልሽቱ ሳይሆን «ጥገናው» ስለሚሆን ነው።

ነገሩ የሚመለከተው የሊኑክስ ተጠቃሚዎችን ነው። ሊኑክስ፣ ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው፣ ዛሬ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች በጋራ የሚያዘጋጁት፣ በነፃ የሚገኝ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ ሚንት የሚባሉት ሁሉ የእርሱ ልዩ ልዩ እትሞች ናቸው። (እ.ኤ.አ. በ2007 ተጀምሮ በኋላ «ሰቢሊ»፣ ማለትም «መንገዴ» የተባለውን፣ የቁርኣን ማንበቢያና የሶላት ሰዓት ማሳወቂያ የያዘውን የኡቡንቱ እትም የሚያስታውሱ አንባቢያን ይኖሩ ይሆናል፤ ዝግጅቱ ከቆመ ቆይቷል።) ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ፣ ዊንዶውስ 11ን መሸከም ለማይችል ላፕቶፕ ሊኑክስ አንዱ መውጫ ሆኗል። እንግዲህ ሊኑክስ የገባበት ቤት ይህን ጥቁር ስክሪን አንድ ቀን ሊያየው ይችላልና ቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

ማሽኑ ለምን ይቆማል? ሊኑክስ ሲነሣ ሌሎቹን ሁሉ የሚያስጀምር አንድ አለቃ ፕሮግራም አለ፤ በአብዛኞቹ እትሞች ስሙ «ሲስተምዲ» ነው። ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ሲሆን ፌዶራ በ2011፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ደግሞ በ2015 ተቀብለውታል። ይህ አለቃ ሥራ ሲጀምር አንድ ዝርዝር ይመለከታል። ዝርዝሩ «ኤፍኤስታብ» የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን «ኢቲሲ» በተባለው ማኅደር ውስጥ ተቀምጧል። እያንዳንዱ መስመር «ይህ ዲስክ በዚህ ማኅደር ላይ ይያያዝ» የሚል ትእዛዝ ነው። ዲስኩ የሚጠራውም ብዙውን ጊዜ «ዩዩአይዲ» በተባለ ረጅም የፊደልና የቁጥር መለያ ነው። ይህ መለያ የዲስኩ ክፍል እንደ ገና ፎርማት ሲደረግ ይለወጣል፤ ኤፍኤስታብ ውስጥ የተጻፈው ግን አሮጌው ሆኖ ይቀራል።

አለቃው በዝርዝሩ ላይ የሰፈረ ዲስክ ሲያጣ እንደ ተለመደው አንድ ደቂቃ ተኩል ይጠብቀዋል። ዲስኩ ካልመጣና መስመሩ ላይ «ባይኖርም ግድ የለም» የሚል ቃል ከሌለ፣ ሥራውን አቋርጦ ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ይገባል። ልጁ ለትምህርቱ ብሎ ያስገባውን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወንድሙ ነቅሎ ወደ ግቢ ይዞት ቢሄድ፣ ዝርዝሩ ላይ ከነበረ፣ ይህ ብቻ ይበቃል።

ለአንድ የታጣ ዲስክ ኮምፒዩተሩን በሙሉ ማቆም ብዙ ሰዎችን ያበሳጫል። እኛ ግን አሠራሩ ትክክል ነው ባዮች ነን። እስኪ የሱቁን መዝገብ እንውሰድ። የሽያጭ መዝገቡ የሚቀመጠው በሁለተኛው ዲስክ ላይ ነው፣ ዲስኩም «ዳታ» በተባለ ማኅደር ላይ ይያያዛል እንበል። አንድ ጠዋት የዲስኩ ገመድ ላልቷል። ማሽኑ ዝም ብሎ ቢነሣ የሂሳብ ፕሮግራሙ «ዳታ»ን ሲከፍት ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ባዶ ሲያገኝም አዲስ መዝገብ ሊጀምር ይችላል። ሻጩ ምንም ሳያውቅ የቀኑን ሽያጭና ዱቤ ሁሉ እዚያ ይመዘግባል። በማግስቱ ገመዱ ሲጠብቅ ዋናው ዲስክ በዚያው ማኅደር ላይ ይያያዝና የትናንቱ ሂሳብ ከሥሩ ተሸፍኖ ይቀራል። ማን ስንት እንደ ወሰደ የሚነግር የለም፤ ጠቡ የሚመጣው ከደንበኛ ጋር ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ያ ጥቁር ስክሪን «አንድ ነገር ጎድሎኛልና ሳልጠይቅ አልቀጥልም» የሚል ጥንቁቅ ሠራተኛ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ትእዛዞቹ በላቲን ፊደል፣ ሁሉም በትንንሹ የሚጻፉ ናቸው፤ እዚህ የምናስቀምጠው አጠራራቸውን ሲሆን በፊደል ስም የዘረዘርናቸውን እንደ ተዘረዘሩ ይጻፏቸው።

መጀመሪያ የሚገጥመን በሩ ነው። አንዳንዱ እትም የ«ሩት»ን፣ ማለትም የዋናውን አስተዳዳሪ፣ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። አንዳንዱ «ኢንተር»ን ብቻ ተጫኑ ይላል። ሌላው ደግሞ «የሩት መለያ ተቆልፏል» ብሎ ፈጽሞ አያስገባም። ሲስተሙን የጫነው ልጅ ወደ ባሕር ማዶ ሄዶ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው በቤቱ የሌለበት ጊዜም አለ። ያኔም ቢሆን መንገዱ አልተዘጋም፤ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ኡቡንቱን በፍላሽ አዘጋጅቶ፣ ማሽኑን ከፍላሹ አስነሥቶ፣ «ሳይጫን ልሞክር» የሚለውን መምረጥ ነው። ከዚያ የቤቱ ዲስክ እንደ ማንኛውም ዲስክ ይከፈታል፤ ዲስኩ በምስጢር ቁልፍ (ኢንክሪፕት) ካልተደረገ በስተቀር ፎቶውንም መዝገቡንም ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። እኛ ሁልጊዜ የምንመክረው ይህን ግልበጣ ከማንኛውም ጥገና በፊት ማድረግን ነው።

ከገቡ በኋላ ምን እንደ ተፈጠረ ያንብቡ። የሚያነቡበትን ትእዛዝ ማሽኑ ራሱ ስክሪኑ ላይ ጽፎታል፤ በ«ጆርናል» የሚጀምረውና በጭረት ኤክስ ቢ የሚያልቀው ነው፤ እንዳለ ይቅዱት። ረጅም ዝርዝር ይመጣል፤ በክፍተት ቁልፍ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ በ«ኪው» ይወጣሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀይ የተጻፈውን ሁሉ እንደ ብልሽት ሲቆጥር ነው። «ዲፔንደንሲ ፌይልድ» የሚሉት መስመሮች ተከታዮች ናቸው፤ ከፊታቸው የነበረው ስለ ወደቀ ነው የወደቁት። መፈለግ ያለበት ከሁሉ በፊት የወደቀው ነው። እርሱም ብዙ ጊዜ «ታይምድ አውት» የሚል ቃልና የዲስኩን መለያ ይዞ ይገኛል።

ቀጥሎ ኤል፣ ኤስ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኬ ብለው፣ ክፍተት ሰጥተው፣ ጭረት ኤፍ ይጻፉ። በአሁኑ ሰዓት የሚታዩት ዲስኮች ከነመለያቸው ይዘረዘራሉ። ከኤፍኤስታብ ጋር ሲያስተያዩት በዝርዝሩ ያለውና በአካል የሌለው ወዲያው ይለያል።

ኤፍኤስታብን ለማረም «ናኖ» ብለው፣ ክፍተት ሰጥተው፣ /፣ ከዚያ ኢ ቲ ሲ፣ ደግሞ /፣ ከዚያ ኤፍ ኤስ ቲ ኤ ቢ ይጻፉ። ማሽኑ ፋይሉ ለንባብ ብቻ ነው ካለ ዋናው ዲስክ ለጽሕፈት አልተከፈተም ማለት ነውና፣ «ማውንት»፣ ክፍተት፣ ጭረት ኦ፣ ክፍተት፣ «ሪማውንት»፣ ኮማ፣ አር ደብልዩ፣ ክፍተት፣ / በማለት ይከፍቱታል። የጎደለውን ዲስክ መስመር አይሰርዙት፤ መጀመሪያው ላይ # ያስቀምጡበት። ያን ጊዜ ማሽኑ መስመሩን ያልፈዋል፣ እርስዎም ነገ # ን አንሥተው ይመልሱታል። በኮንትሮልና ኦ ያስቀምጡ፣ ኢንተር ይጫኑ፣ በኮንትሮልና ኤክስ ይውጡ፤ ከዚያ «ሪቡት»። ጉዳዩ ይህ ብቻ ከነበረ ማሽኑ በደህና ይነሣል፤ አንዲት ፋይል አልተነካችም።

ሁለተኛው የተለመደ ምክንያት የመብራት መቋረጥ ነው። ዲስኩ አለ፣ መለያውም ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሲጻፍበት መብራት ሄዶ የፋይሎቹ አደረጃጀት ተዛብቷል። ብዙ ሊኑክሶች የሚጠቀሙበት «ኤክስት 4» ሊያደርግ ያሰበውን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻ ይይዛልና አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያስተካክላል። አልሆን ሲለው «ኤፍኤስሲኬን በእጅ አስኪዱ» ብሎ ይቆማል። ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ ዲስክ የሚመረምርና የሚጠግን ፕሮግራም ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ የዲስኩ ክፍል ስም ይጻፋል። የሚሠራው ግን ባልተያያዘ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ተያይዞ በሥራ ላይ ባለ ዲስክ ላይ ማስኬድ የዳነውን ማበላሸት ነውና፣ ዋናው ዲስክ ከሆነ ከፍላሽ ተነሥተው ያስኪዱት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በማስታወሻው ውስጥ «አይ/ኦ ኤረር» የሚል ቃል ተደጋግሞ ካዩ፣ ወይም ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ኤፍኤስሲኬን አይንኩ። ያኔ የታመመው አደረጃጀቱ ሳይሆን ዕቃው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ኤፍኤስሲኬ ደግሞ ሲጠግን ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ያለውን ትንሽ ዕድሜ ለግልበጣ ያውሉት፤ ለዚህ «ዲዲሬስኪው» የተባለ፣ የተበላሸውን ቦታ እየዘለለ ደህናውን አስቀድሞ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ። ዲስኩ ከፍተኛ ድምፅ ካሰማ ወይም ጭራሽ ካልታየ ማሽኑን አጥፍቶ መረጃ ማውጣትን ለሚያውቅ ባለሙያ መስጠት ነው፤ ሲሰጡትም «ፎርማት እንዳይደረግ» የሚል ወረቀት ይለጥፉበት።

ዊንዶውስንና ሊኑክስን በአንድ ማሽን የሚጠቀሙ ወጣቶች ደግሞ ሌላ ምክንያት ይገጥማቸዋል። በዊንዶውስ «ሸት ዳውን» ሲባል «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው አሠራር በርቶ ከሆነ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ግማሽ ልቡ ተኝቶ ነው የሚያድረው። ሊኑክስ በማግስቱ ያንን ክፍል ለማያያዝ ሲሞክር ያልተዘጋ ሆኖ ስለሚያገኘው እምቢ ሊል ይችላል። መፍትሔው ከሊኑክስ በኩል አይደለም፤ ዊንዶውስ ገብተው «ሪስታርት» ማድረግ፣ ከዚያም ፋስት ስታርትአፕን በኃይል አጠቃቀም ቅንብሩ ውስጥ ማጥፋት ነው።

ውጫዊ ዲስክን በኤፍኤስታብ ውስጥ ማቆየት ለሚፈልግ፣ ያ «ባይኖርም ግድ የለም» ያልነው ቃል «ኖፌል» ነው፤ ኤን፣ ኦ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ አይ፣ ኤል። በመስመሩ አራተኛ ቦታ «ዲፎልትስ» ከሚለው ቀጥሎ በኮማ ተለይቶ፣ ያለ ክፍተት ይጨመራል። ለሱቁ መዝገብ ዲስክ ግን አይጨምሩት፤ ያ ዲስክ ሲጎድል ማሽኑ መቆሙ ነው የሚሻለው። መስመሩን ካረሙ በኋላም ማሽኑን ሳያጠፉ ኤፍ፣ አይ፣ ኤን፣ ዲ፣ ኤም፣ ኤን፣ ቲ ብለው፣ ክፍተት ሰጥተው፣ ሁለት ጭረት አስከትለው «ቬሪፋይ» ብለው ይጻፉ፤ ኤፍኤስታብን መስመር በመስመር መርምሮ የተሳሳተ ወይም የማይገኝ ዲስክ ካለ ይነግርዎታል።