ትኬቱ ላይ የማይነበበው ሰዓት

«ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ትኬት ቢሮ ስለምሠራ ይህ ጥያቄ ከጠዋት እስከ ማታ አይለየኝም። አጭር መልስ ግን የለኝም። ከቦሌ እስከ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ርቀቱ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው ነው። ሰዓቱ ግን ለየቅል ነው። መሄጃው መሃል ላይ የሚቆመውን ጨምሮ 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መመለሻው 13።

ምክንያቱ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ለሞተሩም ለክንፉም አቅም ይነሳል። መንገደኛውን፣ ሻንጣውን (ያውም ሽሮና በርበሬ የታጨቀበትን!) እና አሜሪካ ድረስ የሚበቃ ነዳጅ አንድ ላይ ተሸክሞ መነሳት ከባድ ነው፤ ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ይመጣበታል። ስለዚህ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል፤ እንደ ጊዜው ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ሲያርፍ ኖሯል። ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ ከፍታ የለውም። ከዚያ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋለታል።

መንገደኛው ይህን ሁሉ ይወቅ አልልም። እኔን የሚያናድደኝ ትኬቱ ነው። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ወቅት በእኛና በዋሽንግተን መካከል የ7 ሰዓት ልዩነት አለ። ለምሳሌ ከቦሌ 22:30 የተነሳ አውሮፕላን 17 ሰዓት ተጉዞ 08:30 ይገባል፤ ወረቀቱን ያየ ሰው «10 ሰዓት ነው» ይላል። ከዚያ 11:00 የተነሳው ደግሞ በ13 ሰዓት አዲስ አበባ 07:00 ይደርሳል፤ ይህ 20 ሰዓት ይመስላል። ረጅሙ አጭር፣ አጭሩ ረጅም ሆኖ ቁጭ! 11:00 የሚለውን አመሻሽ 11 ሰዓት ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ ጣቢያው የሚደርሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው።

ልጃቸውን ሊያርሱ የሄዱ አንዲት እናት አውሮፕላኑ ለነዳጅ ሲወርድ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ተነሱ። ሲመለሱ ቢሮ መጥተው አጫወቱኝ፦ «ልጄ፣ ደረስን ብዬ እኮ ፈጣሪዬን አመስግኜ ጨርሻለሁ! ለካ ገና ግማሹ ነው።» እየሳቁ ነው የነገሩኝ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

የሻንጣው ኪሎና የቀን መቀየሪያው ቅጣት ወረቀቱ ላይ ቦታ አያጡም። ጉዞው በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ የት እንደሚታረፍ፣ እዚያ ከመቀመጫ ይነሳ አይነሳ፣ በአማርኛና በራሳችን ሰዓት አቆጣጠር ይጻፍ። አየር መንገዶቹ እስኪያደርጉት እኛ ትኬት ቆራጮች በእስክሪብቶ ብንጽፈው ምን ይገደናል?

አንዳንድ ደንበኞቼ ቢሾፍቱ የታቀደው አዲሱ ማረፊያ ሲያልቅ ይህ ሁሉ ይቀራል ይሉኛል። ቦታው ከቦሌ ዝቅ ስለሚል ሳያርፉ መብረሩ ይቀል ይሆናል። የ7 ሰዓቱ ልዩነት ግን ከፍታ አያውቅም፤ ትኬቱም ያኔ እንደዛሬው ረጅሙን አጭር፣ አጭሩን ረጅም እንዳስመሰለ ይቀጥላል።