ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት

የወሎዋ የውጫሌ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ነው። በዚያው ዘመን የከብት ደስታ በሽታ የወሎን በሬ ፈጅቶ ገበሬውን ባዶ እጁን አስቀርቷል፤ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብም በዚህ ላይ መጣ። ያን በሽታ ከምድር ያጠፋው ክትባት ነው። ኢትዮጵያ በ2000፣ ዓለም ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ከደስታ በሽታ ነጻ መሆናቸው ታወጀ። በአገራችን በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው የፈንጣጣ ዘመቻም በ1968 ዓ.ም. የመጨረሻውን ሕመምተኛ ኦጋዴን ላይ አግኝቶ ተደመደመ።

ኩፍኝ ግን ዛሬም ልጅ ይገድላል። ክትባቱ አለ፤ በ9 እና በ15 ወር በነጻ ይሰጣል። ስርጭቱን ለመግታት ግን ከ100 ልጆች 95ቱ ያህል መከተብ አለባቸው።

እዚህ ላይ ነው የምንወድቀው። ከአምባሰል ደጋ ልጇን አዝላ ቁልቁለቱን የወረደች እናት ጤና ኬላ ስትደርስ “ልጆች ሲበዙ ነይ” ትባላለች። የኩፍኝ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ10 ልጆች የሚበቃ ሲሆን፣ አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ባለሙያዋ እንዳይባክን ትሳሳለች። ብክነት ያስጠይቃታል፤ ሳይከተብ የተመለሰውን ልጅ ግን የሚጠይቃት የለም። እናቲቱም ዳግመኛ ላትመጣ ትችላለች።

የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው፦ ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ ነው። የደፋነው መድኃኒት ይተካል፤ ልጅ አይተካም። የዞንና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ባለሙያዎችን በብክነት ከመገምገም ይልቅ ባልተከተቡ ልጆች ቁጥር ይገምግሙ።

ብልቃጡ እንዲከፈት ግን መጀመሪያ ክትባቱ ሳይበላሽ መድረስ አለበት። በ2014ቱ ጦርነት የደቡብ ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ያለው ግጭትም መንገድ እየዘጋ ነው። በጤና ኬላ ያለ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተጠበቀ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያ የያዛችሁ ወገኖች ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ብትሆኑ፣ የክትባት ማቀዝቀዣውንና ተሸካሚውን አትንኩ፤ መንገድም ልቀቁ።

የሐይቅና የአምባሰል ወላጆችም የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ያመለጠው ልጅ ካለ ጊዜው አለፈ ብላችሁ አትተዉት፤ ይዛችሁት ሂዱ።